ሁለት የዛቢክስ ኖድ እያለን ኅዳር 12 ማለዳ ለምን አንድም መልእክት አልደረሰኝም?

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከትናንት ጀምሮ ራሴን ያዞረ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ሕንፃዎች በሚገኝ ተቋም ነው። ዛቢክስ 6.0ን (መሣሪያዎችን የሚከታተልና ሲበላሹ መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር) በሁለት ኖድ፣ ማለትም በሁለት ማሽን አቋቁመናል፤ አንደኛው በዋናው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሁለተኛው በማዶው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ። 340 ያህል ሰርቨር፣ ራውተርና ስዊች ይከታተላል፤ የቅርንጫፎቹ መረጃ በዛቢክስ ፕሮክሲ (መረጃ ሰብስቦ ወደ ሰርቨሩ በሚያስተላልፍ ፕሮግራም) በኩል ይመጣል። ሁለተኛውን ኖድ ያስገዛሁት «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል» ብዬ ለኃላፊዬ ምዬ ተገዝቼ ነው።

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር። ገና ሲነጋጋ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን አውጥቶ ማቃጠል ጀመረ። ከአጥራችን ሥር የተለኮሰው ክምር ጭሱን በምድር ቤቱ የአየር ማስገቢያ በኩል ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሰደደው። ጭስ ጠቋሚው ጮኸ፤ የእሳት መቆጣጠሪያ ሰሌዳውም እንደታዘዘው የክፍሉን ኃይል ዩፒኤሱን ጨምሮ ቆረጠ። ጥበቃዎቹ መጥተው ጭስ ብቻ መሆኑን አይተው ተመለሱ። ኃይል መቋረጡን ልብ ያለ የለም። ሰሌዳው ላይ የተመዘገበው ሰዓት 12፡32 ነው።

እኔ ስልኬን ትራስጌ አድርጌ ተኝቻለሁ። አንድም መልእክት አልመጣም። 2፡15 ላይ ቢሮ የገቡ ሰዎች ደውለው ቀሰቀሱኝ። ድረ ገጹን ስከፍት «ዛቢክስ ሰርቨር እየሠራ አይደለም» ይላል። የሁለተኛውን ኖድ ሎግ (የሥራ መዝገብ) በዚያ ሰዓት ብፈልግ ባዶ ነው። 3፡10 ላይ ኃይል ተመልሶ አንደኛው ኖድ ተነሣ፤ አሁንም ምንም የለም። በመጨረሻ ሁለቱንም አጥፍቼ አንደኛውን ቀድሜ ሳስነሣው 3፡40 ላይ ሁሉም ነገር ተመለሰ።

ኃላፊዬ «ታዲያ ሁለተኛው ምን ሊሠራ ተገዛ?» ይሉኛል። መልስ የለኝም።

የገመድ ሰው | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡05

ኃላፊህን ለጊዜው ተዋቸውና የሁለተኛውን ማሽን የሰዓት ቀጠና ተመልከት። ሎጉን የፈለግኸው 06፡32 ላይ ከሆነና ማሽኑ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተተከለ፣ የምትፈልገው መስመር 03፡32 ላይ ነው ያለው። እዚህ አገር አንድ ደቂቃ ሦስት ስም አላት፤ ለጥበቃው 12፡32፣ ለቢሮ ኮምፒውተርህ 06፡32፣ ለሰርቨሩ 03፡32። በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ያልሆነ ሰው ወቅሻለሁ።

ዳታቤዙ የት እንደሚገኝም ንገረን።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡30

እውነትህን ነው! 03፡33 ላይ ሁለተኛው ኖድ ከተጠባባቂነት ወደ ተረኛነት እንደተሸጋገረ ተጽፏል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ተረክቧል። ታዲያ ምን ሲሠራ አረፈደ?

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ በማዶው ሕንፃ፣ ከሁለተኛው ኖድ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ። አንድ ብቻ ነው።

የገመድ ሰው | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡10

እንግዲህ ክላስተሩ (የሁለቱ ኖዶች ጥምረት) አልተበላሸም፤ የተበላሸው በዙሪያው ያለው ነው። አሠራሩን ላስረዳህ፣ ቀሪው ከዚያ ይፈታል።

ሁለቱ ኖዶች እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። የሚገናኙት በዳታቤዙ በኩል ብቻ ነው። እያንዳንዱ በየ5 ሰከንዱ «አለሁ» ብሎ እዚያ ይፈርማል። ተጠባባቂው የተረኛውን ፊርማ ያያል፤ የመጨረሻው ፊርማ ከተወሰነው የመታገሻ ጊዜ በላይ ካረጀ ተረኛነቱን ይወስዳል። የመታገሻው ጊዜ ካልነካኸው 1 ደቂቃ ነው፤ ከ10 ሰከንድ እስከ 15 ደቂቃ ማድረግ ይቻላል። ተረኛው ራሱ ከዳታቤዙ ከተቆረጠ ደግሞ ያ ጊዜ ሊሞላ 5 ሰከንድ ሲቀረው ሥራውን ማቆም አለበት። ሁለት ተረኛ በአንድ ጊዜ እንዳይኖር የሚያደርገው ይህ ነው።

ተጠባባቂው የሚያንቀሳቅሰው ርክክቡን የሚከታተለውን ሂደት ብቻ ነው። መረጃ በሚቀበልበት 10051 ወደብ ላይ እንኳ አይሰማም። የጠፋውም ሲመለስ ተጠባባቂ ሆኖ ነው የሚመለስ፤ ተረኛነቱን አይነጥቅም። 3፡10 ላይ አንደኛው ተነሥቶ ምንም ያልተለወጠው ለዚህ ነው፤ ተረኛው ሁለተኛው ነበር፤ ኤጀንቶችህ (በየማሽኑ ላይ ያሉት የዛቢክስ ፕሮግራሞች) እና ፕሮክሲዎችህ ግን አሁንም የአንደኛውን በር ያንኳኳሉ። ሁለቱንም አጥፍተህ አንደኛውን ስታስቀድም ተረኛው እሱ ሆነ፤ በሩም ተከፈተ።

የአንዱን ኤጀንትና የአንዱን ፕሮክሲ ውቅር ለጥፍልን።

ዳታቤዝ ቤት | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡25

በድረ ገጹ ልጀምር፤ አጭር ነው። ድረ ገጹ የሚያነበው የፒኤችፒ ውቅር ፋይል ውስጥ የሰርቨሩ አድራሻና ወደብ የሚጻፉባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። የአንደኛው ኖድ አድራሻ እዚያ በእጅ ተጽፎ ከሆነ ድረ ገጹ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ እሱ ከሌለ «ሰርቨሩ እየሠራ አይደለም» ይልሃል፤ ሁለተኛው በላብ ተጠምቆ እየሠራም ቢሆን። መስመሮቹን ፊታቸው ላይ የአስተያየት ምልክት አድርገህ ከሥራ አውጣቸው። ያን ጊዜ ተረኛውን ራሱ ከዳታቤዙ ፈልጎ ያገኛል። በሁለቱም ኖዶች ውቅር ውስጥ ደግሞ የኖዱ አድራሻ የሚሞላበት ግቤት በትክክል መሞላቱን አረጋግጥ፤ ድረ ገጹ የሚያነበው እሱን ነው።

ወንድሜ፣ ትናንት ጠዋት ያታለለህ ይህ ገጽ ነው። ያን ጽሑፍ ባታይ ኖሮ ሎጉን በትዕግሥት ታነብ ነበር።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 3፡20

እህቴ፣ በእጅ ተጽፎ አገኘሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ሰርቨሩ አንድ ብቻ እያለ የተጻፈ ነው፤ የእጁን ጽሑፍ አውቀዋለሁ፣ የራሴ ነው።

ኤጀንቶቹም እንደዚያው። «ሰርቨር» በሚለውም «ሰርቨር አክቲቭ» በሚለውም የተጻፈው የአንደኛው አድራሻ ብቻ ነው። አንዱ ኤጀንት ሎጉ ላይ ከ06፡33 ጀምሮ የሁለተኛውን ኖድ ጥያቄ «አላውቅህም» እያለ ሲመልስ አርፍዷል። ምስኪኑ ሁለተኛ ኖድ እየዞረ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም። የፕሮክሲዎቹም ያው ነው።

አንድ ያልገባኝ ግን አለ። የቅርንጫፎቹ ግራፍ ከ12፡32 እስከ 2፡40 ባዶ ነው፤ ከ2፡40 እስከ 3፡40 ያለው ግን ሙሉ ነው። ያን ጊዜ እኮ ገና አልተመለሰም ነበር።

የገመድ ሰው | ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 4፡00

ፕሮክሲ ሰርቨሩን ሲያጣ የሰበሰበውን በራሱ ዘንድ ያቆያል። የሚያቆየው ግን ካልነካኸው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ የቆየውን ይጥላል። 3፡40 ላይ መስመሩ ሲከፈት በእጁ የነበረው የመጨረሻው አንድ ሰዓት ነበር፤ እሱን አስረከበህ። እኔ ሩቅ ቅርንጫፍ ያለበትን 72 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር ፋይበር የሚቆረጥበት አገር ውስጥ 1 ሰዓት አይበቃም። የፕሮክሲውን ዲስክ ግን አስቀድመህ እይ።

ወደ ኤጀንቱ ስንመለስ፣ ሁለቱ ግቤቶች የሚለያዩበት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። «ሰርቨር» የሚለው ማን ይጠይቀኝ የሚል ዝርዝር ነው፤ ሁለቱን አድራሻ በነጠላ ሰረዝ ለያይ። «ሰርቨር አክቲቭ» ላይ ግን ድርብ ሰረዝ ተጠቀም። እዚያ ነጠላ ሰረዝ ካደረግህ ኤጀንቱ ሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ድርብ ሰረዝ ከሆነ የአንድ ክላስተር አባላት መሆናቸው ይገባዋል። ራሱ እየጀመረ በሚልክ ፕሮክሲ ላይም ድርብ ሰረዝ ነው። ውቅሩ ከተቀየረ በኋላ ኤጀንቱን እንደገና ማስነሣት አትርሳ።

ድርብ ሰረዝ ስል የእንግሊዝኛውን «;» ማለቴ ነው እንጂ የእኛውን «፤» አይደለም።

ዳታቤዝ ቤት | ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 4፡15

ሁላችንም የዘለልነው አንድ ጥያቄ አለ። ሁለተኛው ኖድ በ12፡33 ተረክቧል፤ ከ340 መሣሪያ አብዛኛው መልስ አልሰጠውም። እንግዲህ «መረጃ ተቋረጠ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጎርፍ መሆን ነበረበት። መልእክቱ የት ሄደ? የምትልከው በምንድን ነው?

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 14፣ ከቀኑ 6፡50

ይህን ለመጻፍ ግማሽ ቀን አመነታሁ።

የምንልከው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቴሌግራም ነው፤ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው ራውተር ያለው ምድር ቤቱ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ጠፍቷል። እሱን ጠርጥሬ ነበር። ሁለተኛው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ሲም ካርድ ያለበት ትንሽ ሞደም አለን፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም እንዲልክ ተብሎ የተገዛ።

ሞደሙ በዩኤስቢ የተሰካው አንደኛው ኖድ ላይ ነው። ከማሽኑ ጀርባ፣ አንቴናው እንዳይወድቅ በነጭ ፕላስተር ከመደርደሪያው ጋር ተለጥፎ። ሄጄ ለረጅም ጊዜ አየሁት። በሁለተኛው ኖድ ላይ ሞደምም የለ፣ መላኪያው ስክሪፕትም አልተገለበጠም። የተላከ መልእክት ዝርዝር ውስጥ ከ12፡36 እስከ 3፡40 ድረስ 412 ያልተሳካ ሙከራ ተመዝግቧል።

አሮጌው ዘበኛ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ፣ አትፈር። እኔ ዘመኑን ሙሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከ6.0 በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 በፊት፣ ዛቢክስ የራሱ ክላስተር አልነበረውም፤ ፔስሜከርና ኮሮሲንክ በሚባሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ነበር የምናስረው። አንዱ ኖድ ሲጠረጠር ሌላው ኃይሉን ያስጠፋበታል፤ የዘዴው ስም ራሱ «ያኛውን ኖድ ግንባሩን በለው» ማለት ነው። አንድ ሌሊት ሁለቱ ኖዶች በመካከላቸው ያለው ገመድ ስለላላ ብቻ ተራ በተራ ሲጠፋፉ አደሩ። ጠዋት ስደርስ ሁለቱም አልነበሩም።

ስለዚህ የማይወደድ ነገር ልናገር። አሁን ሰዎቹ ዳታቤዝህንም ክላስተር አድርግ ይሉሃል። ሦስት ፖስትግሬስ፣ ሦስት ኤትሲዲ (ዋናው ማን እንደሆነ በድምፅ የሚወሰንበት)፣ ሁለት ኤችኤፕሮክሲ፣ ላዩ ላይ ኪፕአላይቭድ። 340 መሣሪያ ለመጠበቅ ዘጠኝ አዲስ የሚጠበቅ ነገር ታቆማለህ። አንተ ሥራ ብትለቅ ማን ይረዳዋል? አንድ ጥሩ ማሽን፣ በየሌሊቱ የሚወሰድ መጠባበቂያ ቅጂ፣ መመለሱ በእውነት የተሞከረ። ከዚያ በላይ ለእንዲህ ያለ ቤት ትርፍ ነው።

ዳታቤዝ ቤት | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ በግማሹ እስማማለሁ። እርስዎ ያሉት የማሽን ቁጥር ግን ሊቀንስ ይችላል፤ ፖስትግሬሱና ኤትሲዲው አንድ ማሽን ላይ ቢቀመጡ ሦስት ይበቃሉ። ከሦስት ግን አይወርድም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል፣ ኤትሲዲ ግን በሁለት አያምንም። የሚሠራው በአብላጫ ድምፅ ነው፤ ሁለት ሆነው አንዱ ሲጠፋ የቀረው አንድ ድምፅ ከሁለት አብላጫ አይደለም። ሦስት ሲሆኑ አንድ ማጣት ይችላሉ፣ አምስት ሲሆኑ ሁለት። ሽማግሌ ሲላክ ሦስት የሚሆነው በከንቱ አይደለም።

የጠያቂያችን ችግር ሕንፃው ሁለት መሆኑ ነው። ሦስቱን ማሽን በሁለት ሕንፃ ሲያከፋፍል ሁለቱ አንድ ቦታ መቀመጣቸው አይቀርም፤ ያ ሕንፃ ከጠፋ አብላጫው አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው ድምፅ ሦስተኛ ቦታ መሆን አለበት፤ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለች ትንሽ ማሽን ብትሆንም።

በማይኤስኪውኤል ወገን ያላችሁ ጋሌራን (ዳታቤዞቹን በአንድ ክላስተር የሚያስረውን) ታነሣላችሁ። እኔ ለዛቢክስ አልወደውም፤ ዛቢክስ ሌት ተቀን የሚጽፍ ነው፣ ጋሌራ ደግሞ በጣም ቀርፋፋ በሆነው አባል ፍጥነት ነው የሚሄድ። አሮጌ መረጃ የሚጠርገው ሂደት ብዙ ረድፍ በአንድ ጊዜ ሲሰርዝ ሁሉም ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ግድ ከሆነ ሠንጠረዦቹን በቀን ከፋፍሎ አሮጌውን ክፍል በአንድ ትእዛዝ መጣል ይሻላል።

ለጠያቂያችን የምመክረው መካከለኛውን ነው። በዋናው ሕንፃ አንድ የፖስትግሬስ ቅጂ ያቁም፤ ከዋናው እየተከታተለ የሚጽፍ። ዋናው ሲጠፋ ቅጂውን በእጅ ያንሣው፤ ደረጃዎቹም በወረቀት ታትመው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፦ ቅጂውን ከማንሣቱ በፊት የቀድሞው ዋና በእርግጥ መጥፋቱን ያረጋግጥ። ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» ካሉ የዛቢክስ ኖዶችም እያንዳንዳቸው በየዳታቤዛቸው ተረኛ ይሆናሉ። የገመድ ሰው ያለው መከላከያ የሚሠራው ዳኛው አንድ ሲሆን ነው።

አሮጌው ዘበኛ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡45

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ወድጄዋለሁ። በቀረው ባለንበት እንቆይ።

ሪያድ ማዶ | ኅዳር 14፣ ከሌሊቱ 5፡10

እኔ የምሠራው ሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ የምንጠቀመው ፕሮሜቲየስ የሚባል ሌላ የመከታተያ ሶፍትዌር ስለሆነ ጣልቃ ልግባ፤ ሐሳቡ ሌላ ነውና። እዚያ ተረኛና ተጠባባቂ የሚባል የለም። ሁለት ፕሮሜቲየስ ጎን ለጎን ሆነው ያንኑ መሣሪያ ሁለቱም ይጠይቃሉ፤ አይተዋወቁም። ማስጠንቀቂያውን የሚቀበሉት አለርትማኔጀሮች ግን በ9094 ወደብ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ከላከ ሌላው ይተወዋል። መነጋገሪያቸው ከተቆረጠ ሁለቱም ይልካሉ። ስልኬ በሌሊት ሁለት ጊዜ ቢጮህ እመርጣለሁ፣ ዝም ከሚል። በዚህ የተነሣ ፕሮሜቲየስ እያንዳንዱን አለርትማኔጀር በስሙ ማወቅ አለበት፤ በመካከል ጭነት አከፋፋይ አይገባም። እኛ አስገብተን ነበር፤ አንዱ ሲታመም ማስጠንቀቂያው ወደታመመው ብቻ እየተላከ ጠፋ።

ለዛቢክስም የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ የሚጮህ፣ ሆን ተብሎ የተተከለ ማስጠንቀቂያ አለን። ውጭ ያለ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይቀበለዋል፤ ለአምስት ደቂቃ ድምፁ ሲጠፋበት እሱ ይደውልልናል። ዝምታን የሚያደምጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ግን ከሚጠበቀው ቤት ውጭ መኖር አለበት። ኅዳር 12 ጠዋት ይህ ቢኖርህ 12፡40 ላይ ትነቃ ነበር።

የገመድ ሰው | ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 2፡30

ትልቅ ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዛቢክስ 7.0 ፕሮክሲዎችንም በቡድን አደራጅቶ አንዱ ሲጠፋ መሣሪያዎቹን ለሌሎቹ ያከፋፍላል፤ ስታሻሽል አስብበት። የኤስኤንኤምፒ ትራፕ (መሣሪያ ሳይጠየቅ ራሱ የሚልከው ማስታወቂያ) የምትቀበሉ ግን ተጠንቀቁ፤ ትራፕ ከቡድኑ ጋር አይሠራም።

ሌላው፣ ስትሞክር አገልግሎቱን በሥርዓት ማቆም ፈተና አይደለም። ሲቆም ተሰናብቶ ስለሚሄድ ተጠባባቂው በ5 ሰከንድ ገደማ ይረከባል፤ ሞት ግን አይሰናበትም። ገመድ ንቀል። የመታገሻ ጊዜውንም ወደ 10 ሰከንድ ለማውረድ አትቸኩል። በሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ ዳታቤዙ ለጥቂት ሰከንድ ቢንተፋተፍ ተረኛነቱ ከኖድ ኖድ እንደ ኳስ ይመላለሳል።

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 1፡15

ዛሬ ቅዳሜ ኃላፊዬ ራሳቸው ወንበር አስመጥተው ተቀምጠው እያዩ ሞከርነው።

በሥርዓት ማቆም፦ በ4 ሰከንድ ተረከበ። ሂደቱን በግድ መግደል፦ 63 ሰከንድ። የአንደኛውን የኔትወርክ ገመድ መንቀል፦ በ55ኛው ሰከንድ አንደኛው ራሱ ሥራ አቆመ፣ በ61ኛው ሁለተኛው ያዘ። የሚያምር ነገር ነው፤ ሁለት መስኮት ከፍቼ ሰከንዱን እየቆጠርኩ አየሁት። በመጨረሻ የምድር ቤቱን ኃይል ከሰሌዳው ቆረጥን፣ ልክ እንደዚያ ቀን። ድረ ገጹ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አዲሱን ተረኛ በስሙ አሳየ።

11 ማሽኖች ግን አልተመለሱም። ከሩብ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ተገኘ፦ የሥራ ባልደረባዬ ውቅሩን ያዘጋጀው በአማርኛ ሰነድ ውስጥ ነበርና በሁለቱ አድራሻዎች መካከል ያለው «፤» ነው። የገመድ ሰው፣ አስጠንቅቀኸኝ ነበር፤ እሱን ግን አላስጠነቀቅሁትም።

የፖስትግሬስ ቅጂው በዋናው ሕንፃ ቆሟል፣ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ነው። ዝምታን የሚያደምጠው ትንሽ ፕሮግራም አዳማ ያለው ቅርንጫፋችን ውስጥ ነው። ቴሌግራሙም አሁን በማዶው ሕንፃ ሁለተኛ መስመር መውጣት ይችላል። ለሁለተኛው ኖድ ሌላ ሞደም ተገዝቶ ተሰክቷል፣ ስክሪፕቱም ተገልብጧል። በዛሬው ሙከራ ቴሌግራሙ ሁሉ ደረሰኝ፤ የጽሑፍ መልእክቱ ብቻ ስላልመጣ ነገ አየዋለሁ።

አሮጌው ዘበኛ | ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 1፡40

ልጄ፣ አዲሱ ሲም ላይ ሂሳብ ተሞልቷል?

የሌሊት ተረኛ | ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 1፡52

አሁን ሞላሁ። 37 መልእክት በአንድ ጊዜ ገባ።